ላፕቶፕ በክፍል ውስጥና የልጆቻችን ጽሕፈት
(ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት የቀረበ ንግግር)



ከየአጥቢያው ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል በቅርብ ጊዜ እየበዛ የመጣው ስለ ላፕቶፕ የሚቀርበው ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ የአጥቢያው ተወላጆች አሥር ወይም ሃያ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ለመላክ ቃል ይገባሉ፤ ኮሚቴውም በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ለሚተዳደረው ትምህርት ቤት እንዴት ቢከፋፈሉ እንደሚሻል ይጠይቀናል። እኛ ግን ለማን ይሰጥ ከማለታችን በፊት፣ ልጁ ሲጽፍበት ጽሕፈቱና ትምህርቱ ምን እንደሚሆን መመልከት ይገባናል እንላለን።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። የማውስ አያያዝን በፈተናው ሰሞን የሚማር የገጠር ልጅ ከከተማ እኩዮቹ ጋር በእኩል ተፈተነ ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ መሣሪያውን አትቀበሉ የሚል ምክር ከእኛ አትሰሙም።

በዚህ ረገድ ረዥም ልምድ ካላቸው አካባቢዎች አንዷ በአሜሪካ የምትገኘው የሜይን ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 በግዛቲቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ቁጥራቸው ከ17,000 በላይ ለሆነ ልጆች፣ ላፕቶፕ ታደለ፤ በሚቀጥለው ዓመት 8ኛ ክፍልም ተጨመረ። በጽሕፈት ፈተና ደረጃውን ያሟሉት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 29 ገደማ ነበሩ፤ በ2005 ከመቶ 41 ደረሱ። ይህን እንደ ተአምር መውሰድ አይገባም፤ መሣሪያው ለሁሉም ስለ ታደለ፣ ካልተቀበሉ ተማሪዎች ጋር ማነጻጸር አልተቻለምና። ለእኛ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው በውስጡ የታየው ልዩነት ነው። ላፕቶፑን ለረቂቁም፣ ለእርማቱም፣ ለመጨረሻው ግልባጭም የተጠቀሙት ተማሪዎች የተሻለ ጻፉ፤ በእጅ የጻፉትን አሳምሮ ለመገልበጥ ብቻ የተጠቀሙበት ግን ከእነርሱ አነሱ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በደብተሩ ድርሰት የሚጽፍ ልጅ ሦስተኛውን አንቀጽ ወደ መጀመሪያው ማምጣት ቢፈልግ ገጹን በሙሉ እንደ ገና መጻፍ ይኖርበታል፤ ደብተሩም በገንዘብ የተገዛ ነው። ስለዚህ አያርምም፤ እንደ ጻፈው ይሰጣል። በላፕቶፕ ላይ ግን መምህሩ «ይህን ሐሳብ መልሰህ እየው» ቢለው እንደ ቅጣት አይቆጥረውም። ብራና ፍቆ የሚያርም ጸሐፊ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ይረዳዋል። (እርግጥ ነው፣ ፍቀቱ አድካሚ ስለሆነ ያ ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አስቀድሞ ያስባል፤ ይህም የሚናቅ ጥቅም አይደለም።)

የፔሩ ታሪክ ሌላ ነው። የዚያ አገር መንግሥት ከ800,000 በላይ ትናንሽ ላፕቶፖች ለሕፃናት አከፋፈለ። በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ግን በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና ለውጥ አላገኘም። በሜይን መምህራኑ ከተማሪዎቹ ቀድመው መሣሪያውን ተቀብለው ሠልጥነው ነበር፤ በፔሩ ላፕቶፑ በየትኛው ትምህርት ለምን ሥራ እንደሚውል ለመምህሩ የተሰጠው መመሪያ አናሳ ነበር። መምህሩን ወደ ጎን የሚያደርግ መሣሪያ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ደግሞ ፔሩ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ የ«ፕላዝማ»ን ትምህርት የምናስታውስ ነን።

መምህሩ ሲናገር ማስታወሻ መያዝ ደግሞ ከድርሰት የተለየ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በላፕቶፕ የጻፉት ብዙ ቃላትን እንደ ተነገሩ እንደ ገለበጡ፣ ሐሳቡን በሚመረምሩ ጥያቄዎች ግን በእጅ ከጻፉት እንዳነሱ አሳየ። ከዚያ በኋላ የተደረገ ድጋሚ ጥናት ልዩነቱን በዚያ መጠን አላገኘውም፤ ስለዚህ ማጋነን አይገባም። ቢሆንም ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የወጣው ጥናት፣ ኮምፒዩተር በተከለከለባቸው ክፍሎች የተማሩት በፈተና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ያስረዳል። ቃልን በጆሮ ተቀብለው በልብ የሚይዙ የቅኔና የዜማ መምህሮቻችን በዚህ የሚደነቁ አይመስለንም።

ከሁሉም ይልቅ እኛን በቀጥታ የሚመለከተው የፊደላችን ነገር ነው። በውጭ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ሃያ ስድስት ፊደላት ባሉት ቋንቋ ላይ ናቸው፤ የእኛ ሕፃን ከ230 በላይ ቅርጾች ይጠብቁታል። ገና ማንበብ በማይችሉ ሕፃናት ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ፊደሉን በእጁ የጻፈ ልጅ ቁልፍ ከተጫነው ልጅ ይልቅ ለንባብ የሚያገለግለው የአእምሮው ክፍል እንደሚነቃቃ አሳይቷል። በብዙ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ላይ ደግሞ ልጁ «ለ»ን አይሥልም፤ የላቲን ፊደላት ያሉባቸውን ሁለት ቁልፎች ሲነካ ማሽኑ ይሥልለታል። ካዕቡን ከሣልሱ የምትለየውን ቅጥያ እጁ አያውቃትም። በድምፅ የሚመሳሰሉት ፊደላትም ተጨማሪ ቁልፍ ስለሚጠይቁ፣ ልጁ ለጣቱ የቀለለውን ብቻ ይጽፋል። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ወሰደ፤ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። ሁሉም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ፣ ማሽኑ ቀይ መስመር አስምሮ አያስጠነቅቀውም። ይህን የሚያስተውለው ከአጠገቡ የቆመው መምህር ብቻ ነው፤ በየአጥቢያው ፊደል የሚያስቆጥሩ አባቶች በዚህ ሥራ ከኮምፒዩተር ባለሙያው ያላነሰ ድርሻ አላቸው።

እንግዲህ ለኮሚቴዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በእጃቸው ይጻፉ። የመጡት ላፕቶፖች ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል፣ በአንድ በሚቆለፍ ክፍል ውስጥ፣ ድርሰት ለመጻፍና ለማረም ይዋሉ፤ መምህሩ በሚያስረዳበት ሰዓት ክዳናቸው ይዘጋ። መሣሪያዎቹ ለተማሪዎች ከመሰጠታቸው በፊት ለአንድ ወሰነ ትምህርት በመምህራኑ እጅ ይቆዩ። ያገለገለ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም፣ ለጋሾቹን ስናመሰግን የመለወጫውንና የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚችል በዚያው ደብዳቤ እንጠይቅ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ፣ ከእያንዳንዱ ተማሪ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ የአማርኛ ድርሰት ይሰብሰብና በትምህርት ቤቱ ፋይል ይቀመጥ። በዓመቱ እነዚያው ልጆች ሌላ አንድ ገጽ፣ እንደ ገና በእጃቸው፣ ይጻፉ። ሁለቱን ገጾች ይዛችሁ ወደ ቀጣዩ ዓመት ስብሰባ ብትመጡ፣ ከአብነት መምህራንና ከቋንቋ መምህራን ጋር ጎን ለጎን አድርገን እናነባቸዋለን።