ምስጢር ያልነበረው መድኃኒት፦ የባህል መድኃኒት ምርምር ታሪክ ከኮሶ እስከ እንዶድ



ከሁሉ አስቀድሜ ሐሳቤን ልናገር፣ ማስረጃውን ከዚያ አስከትላለሁ። በአገራችን ወደ ላቦራቶሪ ገብቶ በወጉ የተመረመረው ዕፅ አብዛኛው ድሮም ምስጢር ያልነበረው ነው። ኮሶን፣ እንቆቆን፣ መተሬን፣ ዳማከሴን፣ እንዶድን የማታውቅ ባልትና ያላት እናት ከየት ትመጣለች? ደብተራው ጎህ ሳይቀድ የሚቆርጠው፣ ባለመድኃኒቱ ከልጆቹ መካከል ለሚወደው ብቻ የሚያወርሰው ግን እንደተሸሸገ ዛሬ ደርሷል። ብዙ ጊዜ የምርምራችንን ታሪክ የምንተርከው በገንዘብና በመሣሪያ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ማን ምን ተናገረ፣ ማን ምን ደበቀ፣ የተናገረውስ ምን አገኘ በሚለው በኩል ላየው እወዳለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ለምስጢር ያልሆነው ዕፅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሾላ ገበያ ብትወርዱ ጤናዳሙ በእስር፣ ፌጦውና ጥቁር አዝሙዱ በስፍር ይሸጣል። በገርጂና በሲኤምሲ በረንዳዎች ላይ ዳማከሴ በቆርቆሮ ተተክሎ ይታያል፤ ምች የመታው ጎረቤት ሲኖር ቅጠሉ ተቆርጦ ይሰጣል፣ ይታሻል፣ ጭማቂው ይጠጣል፣ ፊት ይቀባበታል። በ2003 እነ ፕሮፌሰር እያሱ መኮንን የዚሁኑ ቅጠል ጭማቂ ትኩሳት በተቀሰቀሰባቸው አይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት የማብረድ ባሕርይ እንዳለው በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል። ጎረቤቶቻችን በመረጃው አልተደነቁም። ሊደነቁ የሚገባው ግን አይጥ ላይ የታየው ነገር ሰው ላይ በስንት መጠን፣ ለስንት ቀን ተብሎ እስካሁን አለመለካቱ ነው።

መጠን ካልን ኮሶን ማንሳት ግድ ይላል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትል አይለየውም፤ ስለዚህ በሁለት ወር አንዴ ያህል ኮሶ መጠጣት ለዘመናት የቤት ሥርዓት ነበር። የሴቷ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጠጪው ያን ቀን ሥራ የለበትም፤ ሊጠይቀው የመጣም ሰው «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ይመለሳል። አንዳንዱ ጎበዝ ትል ሳይኖርበት ኮሶ እየጠጣ ከሥራ ይቀር እንደነበር መጠርጠሬ አልቀረም።

በ1769 ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዛፉን ከነሥዕሉ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አስገብቶ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ የሚሆን ስም ሰጠው። ስሙ አልጸናለትም፤ ዛሬ በሳይንስ ዓለም የሚጠራበት «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» የአንድ የኮኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ መታሰቢያ ነው። ቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ አበባውን አግኝቶ ወደ ፓሪስ ስላደረሰ በ1824 ሌላ ስም ወጣለት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ፤ ኬሚስቶችም ትሉን የሚገድለውን ክፍል ለይተው አወጡት። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲትም ያገራችን ሴት ስም የለም። ስትወቅጥ፣ ስትሰፍር፣ «ለልጅ ይህን ያህል፣ ለነፍሰ ጡር ክልክል» ስትል የነበረችው ግን እሷ ናት።

ኮሶ የከሸፈው በመጠኑ ነው። በእፍኝ የሚሰፈር መድኃኒት የአበባው ዕድሜ፣ የደረቀበት ሁኔታ፣ የጠጪው አቅም ሲለያይ አንዱን ያሽራል፣ ሌላውን ይጎዳል። በ1969 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ከኮሶ መመረዝ በኋላ ዓይናቸው የተጎዳ ሕሙማንን ጉዳይ አወጣ፤ በ1985 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ በጫጩቶች ላይ የተደረገ ጥናት ኮሶና የእንቆቆ ዘመድ የሆነ ዕፅ የዓይንን ብሌን ውስጠኛ ክፍል እንደሚጎዱ አሳየ። ይህን የምናገረው ያባቶቻችንን መድኃኒት ለማጣጣል አይደለም። ኮሶ ትል ይገድላል፤ ትሉን የሚገድለውና ዓይን የሚያጠፋው መጠን ግን እጅግ ተቀራራቢ ነው። ይህንን ልዩነት የሚያወጣ ሥራ ከሌለ ምርምር አለ ማለት አይቻልም።

ስለ ሕጉና ስለ ተቋማቱ በአጭሩ ልለፍ። በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ በማኅበረሰቡ ዘንድ የታወቁ ባለሙያዎች እንዳገር ልማድ ማከማቸውን፣ ለሕይወት አደገኛ እስካልሆነ ድረስ አልከለከለም። ከአልማ አታው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ቀጥሎ በ1979 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የባህል ሕክምና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ዕፅዋት ቤት ከ1959 ጀምሮ ናሙና ሲያከማች ቆየ፤ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ2009 ተጠናቀቀ። ያለዚህ ሥራ የመድኃኒት ምርምር ባዶ ነው፤ አንድ ስም ጎጃም አንድ ዕፅ፣ ሐረር ሌላ ዕፅ ሊሆን ይችላልና። በ1989 ደግሞ በገላሁን አባተ የተሰበሰበው፣ በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የተዘጋጀው «እጸ ደብዳቤ» ታተመ። ከደብተራ ከረጢት ወጥቶ በማተሚያ ቤት ያለፈ ዕውቀት በመሆኑ ብቻ እንኳ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ።

አሁን ወደ እንዶድ። በ1964 ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን ጉዳይ ሊያጠኑ አድዋ ወረዱ። በሽታው ቀንድ አውጣ ካልኖረ አይተላለፍም። የትሉ እንቁላል ከሰው ሰገራ ውኃ ይገባል፣ የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ወጥቶ ደግሞ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ ሸማ እንደሱ የሚያነጣ ሳሙና የለም ይባላል። አክሊሉ ከአጣቢዎቹ ወረድ ብሎ በሚገኘው ውኃ ውስጥ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ እንደሚበዙ አስተዋሉ። ከአንዷ አጣቢ አረፋ ተቀብለው ሕያው ቀንድ አውጣ ላይ አፈሰሱት፤ ሞተ። ማንም ቢሆን ያችን ወንዝ ያየ ያጥባል ወይም ይሻገራል፤ እሳቸው ቆመው ቆጠሩ። ሴቶቹም የጠየቁዋቸውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯቸው። የሚደበቅ ነገር መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

አክሊሉ በ1966 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ አሁን ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ውስጥ ወንዙን በእንዶድ በማከም የተደረገው ሙከራ ከ60 ከመቶ በላይ የነበረውን የበሽታው ስርጭት ወደ ሲሶ ገደማ አወረደው፤ በትንንሽ ልጆች ዘንድ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። የልጆቹ ቁጥር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ አዲስ መያዝ መቀነሱን የሚያሳየው እሱ ነውና። ቀንድ አውጣ ገዳዩን ንጥረ ነገር አሜሪካ ውስጥ ሲለዩት «ሌማቶክሲን» ብለው ለአክሊሉ መታሰቢያ ሰየሙት። ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከየአገሩ ያሰባሰቧቸውን የእንዶድ ዓይነቶች እያወዳደሩ ጉልበቱ የበረታውንና ምርቱ የተትረፈረፈውን ዘር፣ ቁጥር 44 የሚባለውን፣ መርጠው አወጡ።

ከዚያስ? ዓለም አቀፎቹ አካላት የመርዛማነት ማረጋገጫ ጠየቁ፤ በራሱ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ሥራ በእነሱ መመዘኛ ላቦራቶሪ ካልተደገመ አይቆጠርም ተባለ፣ ለመድገም የሚሰጥ ገንዘብም አልተገኘም። በገበያው በኩል የጀርመኑ ባየር ቀንድ አውጣ ገዳይ ኬሚካል ነበረ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ በኋላ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል መጣና የበሽታው ቁጥጥር ከወንዙ ወደ ሰውየው ዞረ። እንክብሉ መልካም መድኃኒት ነው፤ ልጁ ድኖ ነገ ወደዚያው ውኃ መግባቱ ግን አልቀረም። ተፈላጊው የመርዛማነት ጥናት ሲገባደድ ከአድዋው ቀን ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

በ1989 አክሊሉና ለገሰ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት የተቀበሉ ሌላ ኢትዮጵያዊ አሉ፤ የዘር ሀብታችንን የሰበሰቡት ዶክተር መላኩ ወረደ። የመሩት፣ በ1976 የተቋቋመው ማዕከል የዛሬው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲሆን መቀመጫው እዚሁ በየካ ነው። በዚያ አጥር አጠገብ በየቀኑ የምናልፍ ብዙ ነን።

ቀጥሎ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ አክሊሉም በተሳተፉበት ሥራ፣ እንዶድ የአሜሪካን ሐይቆች ያስቸገረውን፣ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ያለበትን ባለ ዛጎል የውኃ እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ፓተንት በዩኒቨርሲቲው ስም ሆነ። ደብተራውን «ስስታም፣ ዕውቀት ደባቂ» እያልን ስንወቅስ ኖረናል። ፓተንት ግን በማኅተም የተዘጋ የደብተራ ከረጢት ነው፤ ልዩነቱ የሚከፈትበት ዋጋ በጽሑፍ መቀመጡ ነው። ምንም ያልደበቁት የአድዋ ሴቶች ከደብተራውም ከዩኒቨርሲቲውም ባነሰ ተመለሱ።

ከዚህ ቁጣ የተወለደ ሕግ አለን። ኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ስምምነቱን በ1994 አጸደቀች፤ አፍሪካን ወክለው በድርድሩ ግንባር የተሰለፉት የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ቁጥሩ ላይ ያለው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ጥቅምም እንዲከፈል ይደነግጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የየካው ኢንስቲትዩት ነው። ሆኖም አዋጁ ባለቤት አድርጎ የሚያየው ማኅበረሰቡን ነው። አያቱ የነገሩትን አንድ ዕፅ ብቻውን ይዞ የተቀመጠው ባለመድኃኒት በመሀል ይንጠለጠላል። ቢናገር ዕውቀቱ የሁሉ ይሆናል፤ ፓተንት ቢያምረው ለዘመናት ሲሠራበት የቆየ ነውና አዲስ አይባልለትም። ዝም ማለቱ ሞኝነት አይመስለኝም።

ለባህል መድኃኒት ምርምር ምሳሌ አድርገው ቻይናን የሚያነሱ አሉ፤ ልክ ናቸው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ በሺህ የሚቆጠሩ ጥንታዊ የመድኃኒት ማዘዣዎችን አገላበጠች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገ ሆንግ የጻፈው «ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ» ዓይነት መመሪያ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሽ ይሆናል የሚል ሐሳብ ሰጣት፤ በ1971 በቀዝቃዛ መንገድ ያወጣችው ጭማቂ ሠራ፣ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እሷን የረዳት የዕፁ ስም ብቻ ሳይሆን አሠራሩ እስከ ትንሹ ድረስ ተጽፎ መገኘቱ ነው። የኛም ብራናዎች ሞልተዋል፤ የፖላንዱ ስቴፋን ስትሬልሲን ከመካከላቸው የተወሰኑትን አሳትሟል። ነገር ግን የብራናው ጸሐፊ ዋናውን እጅ በቃል ሊያስተላልፍ ትቶት ይሄዳል።

በመጋቢት 2020 የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ለኮሮና የሚሆን የባህል መድኃኒት የመጀመሪያውን የላቦራቶሪ ደረጃ አልፏል ሲል ከተማው በደስታ ተናወጠ። የሰው ላይ ሙከራ ዓመታት እንደሚፈልግ የሚናገር ድምፅ በዚያ ሰሞን ደካማ ነበር። በመጋቢት 2021 ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆነ ክትባት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚህ አዳራሽ የአጭር መንገድ ርቀት ላይ፣ አረፈ። ያ ክትባት ሰው ላይ የተደረገ ሙከራው፣ መጠኑና ጉዳቱ ሁሉ ታትሞ በየጠረጴዛው የተፈተሸ ነበር።

«ከ100 ኢትዮጵያውያን 80ው የባህል መድኃኒት ይጠቀማሉ» የሚለውን ቁጥር በየጥናቱ መግቢያ ታገኙታላችሁ፤ ማን እንደቆጠረ ግን ከጥናት ወደ ጥናት ስትከታተሉ ትደክማላችሁ። እኔ ከዚያ ቁጥር ይልቅ የአንድ ባለመድኃኒት መልስ ይበልጥ ይጠቅመኛል። ዛሬ በአዳራሹ መካከል የባህል ሐኪሞች እንደተቀመጡ አውቃለሁ። የውይይቱን የመጀመሪያ ተራ ለእናንተ ልስጥ፤ ዕፁን፣ አሠራሩንና መጠኑን በጽሑፍ ለተመራማሪ ለማስረከብ ምን ብታገኙ ትስማማላችሁ? በገንዘብ ነው፣ በስም ነው፣ ወይስ ለልጃችሁ በሚቀር ድርሻ?