ፍጥነት መቀነሻ ስንጠይቅ ምን ይዘን እንሂድ?

(በማኅበራችን የሚያዝያ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የሒሳብ ክፍሉ የቁጠባና የብድር ሪፖርት ብቻ ይዞ አልቀረበም። ሪፖርቱን ስናዘጋጅ አንድ ወጪ ላይ ቆም አልን። ከማኅበራዊ መጠባበቂያችን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለስብራት ሕክምና ከፍለናል። ሁለቱም ተጎጂዎች ልጆች ናቸው። ሁለቱም የተገጩት ከትምህርት ቤቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚወስደው የሰፈራችን መንገድ ላይ ነው፤ አንዷ በባጃጅ፣ ሌላው በጭነት መኪና። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ሦስተኛውን ግን ቁጭ ብለን መጠበቅ የለብንም።

ይህ መንገድ ጭቃ በነበረበት ጊዜ ፍጥነቱን ጭቃው ራሱ ይገታው ነበር። ኮብልስቶን እንዲነጠፍ ሁላችንም አዋጥተናል፤ የደረሰኙ ቀሪ ዛሬም በፋይላችን አለ። ተነጠፈልን፣ ደስም አለን። ነገር ግን በገበያ ቀን ዋናው አስፋልት ሲጨናነቅ አይሱዙውም ባጃጁም በእኛ በኩል ማቋረጥ ለመደ። ስለዚህ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም። በገንዘባችን ያስጀመርነው ሥራ እንዲጠናቀቅ ነው።

«ልጆቻችሁን ከመንገድ ሰብስቡ» የሚሉን አሉ። ልጅ መምከር የእኛ ድርሻ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ውኃ የምንቀዳውም፣ ጉልት የምንቸረችረውም እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል የመንገድ አደጋ ቀዳሚ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የተካሄደው የሚኒስትሮች ጉባኤም እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ጠይቋል።

ለምን 30? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሾፌር ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በሰዓት 30 የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል፤ ከዚያ ፍሬኑ ይዞት መንገዱ ደረቅ ከሆነ በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በሰዓት 50 የሚሄደው ግን በዚያችው ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ልጁ 13 ሜትር ላይ ቢሆን የመጀመሪያው መኪና አጠገቡ ሲደርስ ይቆማል፤ ሁለተኛው ግን ሾፌሩ ፍሬን ሳይነካ ልጁን ይገጨዋል።

ከመካከላችን ባሏ ወይም ልጇ ባጃጅ የሚነዳ ብዙዎች ናቸው፤ የቤታቸው እንጀራ ከዚያ ነው። «ጉብታ ሲበዛ ባጃጃችን ይሰበራል፣ ምልልሳችን ይቀንሳል» ማለታቸውን ሰምተናል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። መንገዱ 400 ሜትር ያህል ነው። በ50 ሲነዳ 29 ሰከንድ፣ በ30 ሲነዳ 48 ሰከንድ ይፈጃል። ልዩነቱ 19 ሰከንድ ነው። ባጃጁን የሚሰብረው ደግሞ በደንብ ያልተሠራ ጉብታ ነው።

ለዚህም ነው «ራሳችን አፈርና ድንጋይ እንከምር» የሚለውን ሐሳብ ያልደገፍነው። የተከመረ ድንጋይ በሌሊት አይታይም፤ ምጥ የያዛትን እናት ያንገላታል፤ አምቡላንስ ያዘገያል፤ በክረምት ውኃ አቁሮ ወደ ቤታችን ይመልሳል። በደንብ የተሠራ ጉብታ ግን ሰፊና ለስላሳ ነው። በብዙ አገር የሚታወቀው ዓይነት ከፍታው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በመንገዱ አቅጣጫ ስፋቱ 3.7 ሜትር ያህል ነው። ቀስ ብሎ የሚነዳን አይጎዳም፤ የሚከንፈውን ግን ያነጥረዋል። አንድ ጉብታ ብቻም አይበቃም፤ ሾፌሩ እሱን አልፎ መልሶ ይፈጥናልና። በየ60 እና 100 ሜትሩ መሃል መደጋገም አለበት። ነጭ ቀለም፣ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክትና የውኃ መውረጃ ያስፈልገዋል። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ደግሞ ዜብራው ራሱ ከፍ ተደርጎ ቢሠራ ልጆቹ ጎልተው ይታያሉ።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። «መንገዳችን አደገኛ ነውና መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ እዚያው ይቀራል። ቁጥር ያለው ማመልከቻ ግን መልስ ያስፈልገዋል። ፍጥነት ለመለካት የትራፊክ ፖሊስ መሣሪያ የግድ አይደለም። በሜትር 50 ሜትር ለክተን ሁለቱን ጫፍ በኖራ እናስምር፤ በስልካችን ሰዓት እንያዝ። መኪናው በ6 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ 30 ነው፤ በ3.6 ሰከንድ ካለፈ 50 ነው፤ በ3 ሰከንድ ካለፈ 60 ነው። ሰሌዳ አንመዘግብም፤ የምንከሰው ሰው የለም። የምንጽፈው ሰዓቱን፣ የተሽከርካሪውን ዓይነትና ሰከንዱን ብቻ ነው።

ለማን እንደምንጽፍም እንወቅ። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ግን በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ነው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ካቀላቀልን አንዱ ወደ ሌላው ይመራናል። ስለዚህ ይህኛው ደብዳቤ ስለ ሰፈራችን መንገድ ብቻ ይሁን። ለከንቲባው ተጽፎ ግልባጩ ለቀበሌውና ለትራፊክ ፖሊስ ይድረስ፤ የገቢ ቁጥሩንም ተቀብለን እንመለስ።

ጊዜው አጭር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚያዘው በጀት አሁን እየታቀደ ነው፤ በሐምሌ የሚደርስ ጥያቄ «በጀት አልተያዘለትም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲወሰን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30፣ ከሰዓት ከ9፡30 እስከ 10፡30 የሚቆጥሩ ስድስት አባላት ይመደቡ። ሁለተኛ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ከባጃጅ ነጂ ቤተሰብ ይሁኑ፤ ቁጥሩን አብረው ከያዙት ማንም አይጠራጠረውም። ሦስተኛ፣ ደብዳቤው በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ተፈርሞ ይግባ። ቆጠራውን በሠንጠረዥ አዘጋጅተን ከደብዳቤው ጋር የምናያይዘው እኛ በሒሳብ ክፍል ያለነው ነን።

የመቁጠሪያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ።