ስለ ታናሹ ምርጫ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የምርጫ ወሬ በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ሁሉ ስለ ፓርላማ ነው። እኛ የቀወት ልጆች ግን ዛሬ ወደ ይፋት ቆላ ይዘናችሁ ልንወርድና ስለ ታናሹ ምርጫ፥ ማለት ስለ ቀበሌና ስለ ወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ልንነጋገር እንወዳለን።

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ፓርላማውን በሬዲዮ ይሰማዋል፤ ቀበሌውን ግን ዘወትር ደጁ ላይ ያገኘዋል። መታወቂያ የሚሰጠው፥ ለማዳበሪያ የሚመዘግበው፥ የወሰን ክርክር ሲነሣም ቀድሞ የሚጠየቀው ቀበሌው ነው። እንግዲህ ኑሮውን አብልጦ የሚነካው ሹም ይህ ከሆነ፥ ሊመርጠውና ሊሽረው የሚገባውም ይህንኑ ሹም ነው።

ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር ድኻው ጭሰኛ ከመምረጥ በቀር መመረጥ አልቻለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ የበላይ ትእዛዝ ማድረሻ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ የቀበሌው ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ አለ። ሲሰሙት ሰፊ ተሳትፎ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቀበሌው ይህን ያህል ዕጩ ለማቅረብ ከገዢው ድርጅት በቀር ማን አቅም ነበረው? በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ፓርቲዎች ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። ያን ጊዜ የተመረጡት ዘመናቸው በ2010 ዓ.ም. ቢያልቅም ምርጫው ተራዘመ፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ጠቅላላው ምርጫ ሲደረግም የገጠር ቀበሌዎች ተራ አልደረሰም።

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ንጉሡ ቀርቷል፤ የማይከሰስ ሊቀ መንበር ግን እንዳይተካው እንሰጋለን።

«ጥይት በሚጮኽበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉን አይጠፉም። ሸዋ ሮቢት በ2013 ዓ.ም. ግጭትን፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነትን አይታለችና ነገሩን አናቃልለውም። ሰላም ሳይኖር የምርጫ ሣጥን እንደማይቆም እናውቃለን። ነገር ግን አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት ቆላ የውሃና የግጦሽ ጠብ ገና ጭስ ሳለ የሚያጠፋው፥ ሁሉም «የኔ ነው» ብሎ የመረጠው የአካባቢ ሰው ነው። እርሱ በሌለበት አቤቱታ ሰሚ ያጣል፤ ሰሚ ያጣ አቤቱታም ወደ ጠመንጃ ያያል።

እኛ ለማንም ፓርቲ ጥብቅና አልቆምንም። ነጻነቱን የሚወድ መራጭ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ማዳበሪያ የሚያድል እጅ የምረጡኝ ቅስቀሳ አያካሂድ። ሁለተኛ፥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 እንደ ተደነገገው ድምፁ ምስጢር ይሁን፤ ገበሬው «አይሆንም» ብሎ በሰላም ቤቱ ይደር። ሦስተኛ፥ የቀበሌው ምርጫ ቀን እንደ ዝናብ የሚጠበቅ ሳይሆን በሕግ የታወቀ ይሁን። አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላልና፥ የጠየቅነው አዲስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየወረዳችን ስንሄድ ወላጆቻችንን «ማንን ትመርጣላችሁ?» ብለን አናስጨንቃቸው። «የቀበሌያችሁን ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጣችሁት መቼ ነው?» ብለን እንጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም ይዘን እንመለስና እዚሁ እንወያይበት።