የገና ልማዶች ከየት መጡ? አማኝስ ምን ያድርግ?



የገና ሰሞን በመጣ ቁጥር በየቤቱና በየኅብረቱ አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ገና የፀሐይ ጣዖት በዓል ነው፤ ዛፉም የአረማውያን ነው» ይላል። ሌላው «የጌታዬን ልደት ባከብር ምን ክፋት አለው?» ብሎ ይመልሳል። ክርክር ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከእናቱ ማዕድ የቀረ ልጅ አለ። ባልና ሚስት የተኳረፉበት ቤት አለ። ወንድሙን «ጣዖት አምላኪ» ብሎ የፈረደበት አማኝም አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን እንመልከት። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ብታገላብጡ ጌታ የተወለደበትን ቀን አታገኙም። ማቴዎስ ስለ ሰብአ ሰገል፣ ሉቃስ ስለ እረኞቹ ይነግሩናል፤ ወሩንና ቀኑን ግን አልጻፉልንም። ሰብአ ሰገልንም ሦስት የምንላቸው ስጦታቸውን ቆጥረን ነው እንጂ ቁጥራቸው አልተጻፈም። በ200 ዓ.ም. ገደማ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ፣ አንዳንዶች ልደቱን በግንቦት ወር ያደርጉት እንደነበር ጽፏል። ያኔ አንድ የታወቀ ቀን አልነበረም ማለት ነው።

ዲሴምበር 25 የጌታ ልደት ተብሎ በግልጽ ተጽፎ የምናገኘው በሮም በ354 በተዘጋጀ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። በዚያው መጽሐፍ፣ በዚያው ቀን፣ ለማይሸነፈው ፀሐይ የሚሆን በዓልም ተመዝግቧል። ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያንም በ274 በሮም ለፀሐይ ቤተ መቅደስ አቁሞ ነበር። «ያው ነው፣ ከጣዖት ተወሰደ!» የሚሉ ከዚህ ተነሥተው ነው።

ግን ሌላም ነገር አለ። በጥንት ዘመን ብዙዎች ጌታ የተሰቀለው ማርች 25 ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በማርያም ማኅፀን የተፀነሰውም በዚሁ ቀን ነው አሉ። ከዚያ ዘጠኝ ወር ቁጠሩ። ዲሴምበር 25 ላይ ትደርሳላችሁ። ከሁለቱ የትኛው ነው? ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እንግዲህ ሊቃውንቱ ያልቆረጡትን እኛ ቆርጠን ወንድማችንን የምንከስበት ምን ማስረጃ አለን?

«የፈረንጅ ገና ነው የተበላሸው፣ የእኛ ግን ሌላ ነው» የሚልም አይጠፋም። ወገኖቼ፣ ቀኑ እኮ አንድ ነው! በ1582 የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀን መቁጠሪያውን ሲያስተካክሉ አሥር ቀን ተዘለለ። ዛሬ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ደርሷል። የአሮጌው ዲሴምበር 25 በአዲሱ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል፤ እርሱም ታኅሣሥ 29 ነው። ስለዚህ አንዱን ኮንኖ ሌላውን ማጽደቅ አይቻልም።

ወደ ዛፉ እንምጣ። ብዙ ጊዜ ኤርምያስ ምዕራፍ 10 ይጠቀሳል፤ ከዱር ተቆርጦ በብርና በወርቅ ስለሚያጌጥ እንጨት ይናገራልና። ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነቢዩ የሚናገረው ሠራተኛ ጠርቦ፣ እንዳይወድቅ በምስማር ቸንክሮ ስለሚያቆመውና ሰዎች ስለሚሰግዱለት የእንጨት ጣዖት ነው። የገና ዛፍ የመጣው ከኤርምያስ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገር ነው። በ1605 በስትራስቡርግ ከተማ ሰዎች በቤታቸው ጽድ አቁመው በወረቀት አበባና በፖም ያስጌጡ እንደነበር ተጽፏል። ፖሙ ከየት መጣ ቢባል፣ በዚያ አገር ዲሴምበር 24 የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ነበር፤ የገነትን ታሪክ በትርኢት ሲያሳዩም ፖም የተሰቀለበት ዛፍ ያቆሙ ነበር። «ሻማውን ያበራበት ማርቲን ሉተር ነው» የሚባለው ግን ማስረጃ ያልተገኘለት ተረት ነው። ለዛፉ ብለንም ቢሆን ያልተረጋገጠ ታሪክ አንናገር።

የገና አባትስ? መነሻው ኒቆላዎስ የተባለ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር በሚራ ከተማ የነበረ የአራተኛው መቶ ዘመን ጳጳስ ነው። ለድሆች በስውር ይሰጥ ነበር ይባልለታል። ሆላንዳውያን ሲንተርክላስ አሉት፤ ስሙ አሜሪካ ሲደርስ ሳንታ ክላውስ ሆነ፤ ከዚያ ጋዜጦችና የሸቀጥ ማስታወቂያዎች ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጡት። እዚህ ላይ ወላጆች፣ አደራ! ልጃችሁ የቀይ ልብስ ለባሹን ሽማግሌ ስም እያወቀ በግርግም የተኛውን ጌታ ካላወቀ፣ ችግሩ የሽማግሌው ሳይሆን የእኛ የቤታችን ነው።

ታዲያ አማኝ ምን ያድርግ? ከእኛ በፊት የሞከሩትን እንይ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ይኖሩ የነበሩ ፒዩሪታን ክርስቲያኖች በ1659 ገናን የሚያከብር አምስት ሽልንግ ይቀጣ ብለው በሕግ ደነገጉ። በ1681 ሕጉ ተሻረ። የሰው ልብ በቅጣት አይቀደስምና። ደግሞም መነሻው ከጣዖት ነው ተብሎ ሁሉ ነገር ይጣል ከተባለ፣ ጃንዋሪ የሚለው ስም የመጣው ያኑስ ከተባለ የሮም ጣዖት ነው። በፓስፖርትህ ላይ ጃንዋሪ ተብሎ ስለተጻፈ ያኑስን አመለክህ ማለት ነው? አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 14 መንገዱን አሳይቶናል። አንዱ ቀንን ከቀን ይለያል፣ ሌላው ሁሉን እኩል ያያል፤ እያንዳንዱ በገዛ ልቡ የተረዳ ይሁን፣ የሚያደርገውንም ለጌታ ያድርግ ነው ትምህርቱ። የሚያከብር የማያከብረውን አይናቅ። የማያከብርም በሚያከብረው ላይ አይፍረድ። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ በበዓል ክርክርም ይሠራል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ለበዓሉ ተበድረን፣ በጉን አርደን፣ ቤቱን አብርተን፣ የበሩን ደጅ የሚያንኳኳውን ድሀ መመለሳችን ነው። ስለ ቀኑ አጣርተን ስናበቃ ከወንድማችን ጋር ሳንታረቅ መቅረታችን ነው። ማደሪያ ያጣው ጌታ ዛሬም በእኛ ቤት ስፍራ እንዳያጣ ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ የተወለደበትን ቀን አለማወቅህ አይጎዳህም፤ የተወለደውን አለማወቅ ግን ዘላለምህን ያሳጣሃል። እስከ ዛሬ ልብህን ካልሰጠኸው ዛሬ ስጠው። በዓል ነው ብለህ ከእናትህ ማዕድ የቀረህ ከሆንክ ደግሞ፣ ዛሬውኑ ስልክ ደውልላት።

ጌታ ሆይ፣ ቤታችንን በእውነትና በፍቅር ሙላ። በኢየሱስ ስም፤ አሜን። ጌታ ይባርካችሁ።