በጉርጥ ሳምባ ስለሚኖረው ትል

ወንድሞቼ መምህራን፥ እናንተም አባቶቼ ሽማግሎች፤

ኮሶንና ወስፋትን ሁላችንም ስለምናውቅ፥ ትል ወደ ሰውነት የሚገባው በአፍ ብቻ ይመስለናል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ አምን ነበር። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖረው ትልቁ ጉርጥ ግን ሌላ በር መኖሩን ያሳየናል።

በዚህ ጉርጥ ሳምባ ውስጥ ራብዲያስ የሚባል ቀጭን ትል ደም እየመጠጠ ይኖራል። ወንድነትና ሴትነት በአንድ ገላ ስላለው ብቻውን ይራባል። እንቍላሉ በጉሮሮ ወደ አፍ ይወጣል፤ ጉርጡም መልሶ ይውጠዋል፤ ከዚያ በአንጀት ተፈልፍሎ ከኵሱ ጋራ ወደ ምድር ይወርዳል። በርጥብ አፈር ላይ ወንድና ሴቱ የተለየ ሌላ ትውልድ ይነሣል። የዚህችኛዪቱ እናት ነገር እጅግ ያስደንቃል፤ ልጆቿ በሆዷ ሳሉ ሥጋዋን ከውስጥ በልተው ይወጣሉና። ወጥተውም በጭቃው ውስጥ ጉርጥ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ ባገኙትም ጊዜ አፉን ሳይሹ ቆዳውን በስተው ገብተው ወደ ሳምባው ይጓዛሉ። ገና ከውኃ የወጣው ትንሹ ጉርጥ በዚህ የተነሣ እድገቱ ይጓደላል፤ የሚሞትም አለ።

በ1927 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1935) ይህን ጉርጥ፥ የሸንኮራ አገዳ የሚያጠፋውን ጢንዚዛ ይበላልናል ብለው 100 ያህሉን ከሃዋይ ደሴት ወደ አውስትራልያ አመጡት። ጢንዚዛውን አላጠፋም፤ ተራብቶ ሀገሩን ሞላው እንጂ። ትሉም በዚያ ሀገር አለ። ነገር ግን ሊቃውንት ወደ አዲስ ምድር ቀድመው የሚገሠግሡትን ጉርጦች ቢመረምሩ፥ ሳምባቸው ከትል ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ትሉ የሚደርስባቸው ከ1 እስከ 3 ዓመት ዘግይቶ ነው። ፊተኞቹ ጥቂቶችና የተራራቁ ናቸውና፥ አንዱ ኵሱን በጣለበት ሌላው ቶሎ አይረግጥም።

በሰው አንጀት ተጣብቆ ደም የሚመጠው ትንሹ ትልም መንገዱ ለዚህ ቅርብ ነው። ሜዳ ላይ ከተጣለ ዓይነ ምድር ተፈልፍሎ በርጥብ አፈር ይቈያል፤ በባዶ እግር ቆዳ ይገባል፤ በደም ወደ ሳምባ ይሄዳል፤ በጉሮሮ ወጥቶ ይዋጣል፤ በአንጀትም ይቀመጣል። ስለዚህ ፊቱ ገርጥቶ በትምህርት መካከል የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ብለን ከመቅጣታችን አስቀድሞ፥ ቤተ ሰቡ የት እንደሚጸዳዳ፥ እርሱም በምን እግር እንደሚሄድ እንጠይቅ፤ ወደ ሐኪምም እንስደደው። መድኃኒቱ ትሉን ያወጣለታል፤ የመጸዳጃ ጕድጓድ ካልተቈፈረ ግን ልጁ በዚያው አፈር፥ በዚያው እግሩ ትሉን መልሶ ያመጣዋል።