ካርዊን ጄምስ፤ በክፍልና በሜዳ ያስተማረ መምህር



ስለ ታላላቅ መምህራን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሱት ዕድሜያቸውን በጥቁር ሰሌዳ ፊት የፈጸሙት ናቸው። የዌልሱ ካርዊን ጄምስ ግን ሁለት የማስተማሪያ ስፍራ ነበረው፤ አንደኛው የቋንቋ ክፍል፥ ሁለተኛው የራግቢ ሜዳ ነው። በሁለቱም ስፍራ የሠራበት ዘዴ አንድ ስለ ነበረ፥ ታሪኩ ለስፖርት ወዳዶች ብቻ የሚተው አይደለም።

ካርዊን ጄምስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 በደቡብ ዌልስ፥ ኬቭንአይቲን በምትባል መንደር፥ ከድንጋይ ከሰል ቆፋሪ አባት ተወለደ። የዌልስን ቋንቋ በአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አጠና፤ በባሕር ኃይል ብሔራዊ አገልግሎቱን ሲፈጽምም መስኮብኛ ተማረ። ከዚያ በኋላ በላንዶቨሪ ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በካርማርተን ከተማ በነበረው በትሪኒቲ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የአገሩን ቋንቋ አስተማረ።

ራግቢ በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰዎች ተሰልፈው በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እስከ 1995 ድረስ ሕጉ ክፍያን ስለ ከለከለ፥ ለአገሩ የተሰለፈ ሁሉ በሌላ ሥራ እንጀራውን ይበላ ነበር። ካርዊንም ለላኔሊ ክለብ እየተጫወተ የሚኖረው በመምህርነቱ ነበር። ነገር ግን በእርሱ ስፍራ ክሊፍ ሞርጋን የተባለ ዝነኛ ተጫዋች ስለ ነበረ፥ ለዌልስ የተሰለፈው በ1958 ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ ዌልስ አውስትራልያን 9 ለ 3 ስታሸንፍ፥ እርሱ ኳሱን መሬት አስነክቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በመምታት 3 ነጥብ አስገኘ። በሁለተኛው ግጥሚያ፥ ከፈረንሳይ ጋር፥ በሌላ ስፍራ ተሰለፈ፤ ከዚያም ወዲያ አልተጠራም።

ለብዙ ሰው ይህ የታሪክ ፍጻሜ ይሆን ነበር። ለእርሱ ግን የመምህርነቱ ዋና ምዕራፍ ገና አልተከፈተም ነበር። በ1971 ከእንግሊዝ፥ ከስኮትላንድ፥ ከዌልስና ከአየርላንድ ተመርጠው ወደ ኒውዚላንድ የዘመቱት፥ «አንበሶች» የሚባሉት ተጫዋቾች አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ። አንበሶች ከዚያ ቀደም በዚያ አገር ተከታታይ ግጥሚያውን አሸንፈው አያውቁም ነበር።

ካርዊን ተጫዋቾቹን እንደ ወታደር በትእዛዝ አልነዳቸውም። እያንዳንዱን ለብቻው እየጠየቀ ያዳምጥ፥ አስተያየታቸውንም ይመዝን ነበር። የአንዳንዱን ተጫዋች ዕውቀት ከራሱ ዕውቀት አብልጦ ማክበርን አላፈረበትም። የመንደሩ ልጅ የሆነው ባሪ ጆን በተፈጥሮው ነጻ ተጫዋች ስለ ነበረ፥ ነጻነቱን ሳይነካ ተወለት። ውጤቱም ይህ ነው፤ ከአራቱ ግጥሚያዎች ሁለቱን አሸነፉ፥ በአንዱ ተሸነፉ፥ በአንዱ እኩል ወጡ። ቡድኑ በአራቱ ግጥሚያዎች ካስቆጠረው 48 ነጥብ ባሪ ጆን ብቻውን 30 አስቆጠረ። በ1972 ደግሞ ካርዊን ያሠለጠነው የላኔሊ ክለብ ይህንኑ የኒውዚላንድ ቡድን 9 ለ 3 ረታ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ይሆናል ተብሎ ቢጠበቅም ሳይሆን ቀረ። አሠልጣኙ በተጫዋቾች ምርጫ ላይ ዋናው ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ብሎ ያምን ነበርና፥ የራግቢ ማኅበሩ ሹማምንት ይህን እንደማይቀበሉ በተረዳ ጊዜ በ1974 ከዕጩነቱ ራሱን አገለለ። ስለዚህም ዓለም የተማረበትን ሰው አገሩ ሳትማርበት ቀረች። ከ1977 ጀምሮ በኢጣልያ የሮቪጎን ክለብ አሠለጠነ፤ ክለቡም በ1979 የአገሩን ሻምፒዮና አሸነፈ። ጥር 10 ቀን 1983 በአምስተርዳም ከተማ በሆቴል ክፍሉ ውስጥ በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

ካርዊን በመርሑ ባይጸና ኖሮ ሹመቱን ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥልጣን የሌለው ኀላፊነት ሥራውን እንደሚያበላሸው ያውቅ ነበር። መምህር ደቀ መዝሙሩን «እንዲህ አድርግ» ብቻ ሳይሆን «አንተስ ምን ታያለህ?» ሊለው እንደሚገባ ከእርሱ እንማራለን። ይህን ጥያቄ የሚፈራ መምህር ታዛዦችን እንጂ አሳቢዎችን አያፈራም፤ ካርዊን ጄምስ ግን ለራሱ በሁለት ግጥሚያ ብቻ የተሰለፈ ሲሆን፥ ሌሎች ራሳቸው አስበው እንዲያሸንፉ አስተማረ።