ግልገል በውርጭ ሌሊት ሲወለድ

(በዳላስ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የምናገር መስሎት ነበር፤ ነርስ ነኝና። እኔ ግን ስለ ፍየል ልናገር ነው የመጣሁት። እንዳትስቁብኝ። ማኅበራችን በመንዝ አካባቢ ረዳት ለሌላቸው እናቶች የሚረባ ፍየልና በግ ለማከፋፈል አቅዷል። ገዝቶ መስጠቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ የመጀመሪያው ግልገል የሚወለድበት ሌሊት ነው። ይህን የተማርኩት እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ፣ በራሴ ስህተት ነው።

እኔና ባለቤቴ ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ኮፍማን ካውንቲ ውስጥ ባለች ትንሽ መሬት ስድስት ፍየሎች እናረባ ነበር። ቴክሳስ በፍየል ብዛት ከአሜሪካ ግዛቶች አንደኛ ናት፤ ክረምቷም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈራም። ስለዚህ አልተዘጋጀንም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ያ የበረዶ ማዕበል መጣ። ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። የካቲት 9 ቀን በዳላስ ፎርትዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደዚያ ያለ ብርድ አልተመዘገበም። በግዛቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት አጡ። የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ቆጠራ 246 ሰዎች ሞተዋል።

በዚያ ሌሊት አንዷ ፍየላችን አማጠች። ተስፋ ያደረግንበት የማሞቂያ አምፖል ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል። በእጅ ባትሪ ስንደርስ አንዱ ግልገል እንደ ረጠበ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አፉ ውስጥ ጣቴን ባስገባ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። የእናቱን እንገር አልቤ በመርፌ በሌለው ሲሪንጅ አፉ ውስጥ ጨመርኩለት። መዋጥ አልቻለም። አንድ ሁለቴ አሳለውና ጭኔ ላይ ሞተ።

ለዓመታት በአራስ ክፍል የሠራሁ ሴት ነኝ። ለስንቱ እናት «መጀመሪያ ይድረቅ፣ መጀመሪያ ይሙቅ» ብያለሁ። ለሰው ልጅ የማውቀውን ለፍየሉ ረሳሁት።

ሁለተኛው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ለእማዬ ደወልኩ፤ እዚያ ረፋድ ነው። ገና ሳልጨርስ ጮኸችብኝ። «ተይ አንቺ ልጅ፣ ወተቱን ተይው! መጀመሪያ አድርቂው፣ አሙቂው። የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይቀበልም» አለችኝ። እሷ የላከችልኝ የመንዝ ባና አልጋዬ ላይ ነበር። ግልገሉን በደረቅ ፎጣ አሽቼ በባናው ጠቀለልኩት፤ ደጅ በጋዝ ምድጃ ያሞቅነውን ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ በጨርቅ ሸፍነን በግራና በቀኙ አደረግን። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ አፉ ሞቀ፤ ጣቴን መጥባት ጀመረ። ያን ጊዜ ወደ እናቱ ጡት አስጠጋነው። ዳነ።

እማዬ ትምህርት ቤት አልገባችም። የተናገረችው ግን የእንስሳት ሐኪሞች ከሚሉት ጋር አንድ ነው። የጤነኛ ግልገል ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ38 በታች ከወረደ ሆዱ ወተት አይፈጭም፤ መዋጥ ካቃተው ደግሞ ወተቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ከተወለደ ብዙ ሰዓት አልፎት የደነዘዘ ከሆነ ጉልበቱም አልቋልና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ።

ከሞቀ በኋላ ግን እንገሩ አይዘግይ። የሰው ልጅ ከእናቱ ማኅፀን የበሽታ መከላከያ ይዞ ይወለዳል። ግልገል ይህ የለውም፤ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው። ያንንም የመቀበል ኃይሉ በየሰዓቱ እየቀነሰ በአንድ ቀን ውስጥ ይዘጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ይጥባ። እንገሩን ለሰው ብለን የምናልብ ከሆነ ግልገሉ ከጠገበ በኋላ ይሁን።

አሁን ወደ ሀገራችን ልምጣ። ደጋው የበግ ሀገር ነው፤ ፍየል የሚበዛው ወደ ቆላው ሲወረድ ነው። የምለው ለሁለቱም ይሠራል። ሁለቱም አምስት ወር ገደማ ያረግዛሉ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ መስከረም 15 የተጠቃች ፍየል የካቲት 15 ግድም ትወልዳለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተጠቃች ግን ኅዳር ውስጥ፣ ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት ወቅት ትወልዳለች። አውራውን ለይቶ ማቆየትና ቀኑን መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከመውለዷ በፊት ባለው አንድ ወር ተኩል መኖ ይጨመርላት፤ ግልገሉ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው ያኔ ነው። የጋጣው ጉዝጓዝ ደረቅ ጭድ ይሁን። ነፋስ ከታች አይግባ፤ ከላይ ግን መተንፈሻ ይኑረው፤ የሽንቱ ሽታ ታፍኖ ከቀረ ሳንባ ይጎዳል። እትብቱ አዮዲን ይነከር። ከሰል ደግሞ በተዘጋ ጋጣ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። በዚያ ማዕበል ጊዜ ሙቀት ፍለጋ ቤት ውስጥ ከሰል አያይዘው፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው በማይታይ ጭስ የሞቱ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለእያንዳንዷ እናት ከፍየሏ ጋር አንድ ከረጢት ይሰጥ፤ ሁለት ፎጣ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ብልቃጥ አዮዲን፣ ሁለት ባለ ክዳን የፕላስቲክ ጠርሙስ። ሥልጠናውን የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይስጥ፤ አጠገቡም እንደ እማዬ ያሉ እናቶች ቁጭ ይበሉ። እነሱ የሚያውቁትን እኛ ከዚህ ሆነን አናስተምራቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ከረጢቶች ወጪ እኔና ባለቤቴ እንችላለን። የቀረውን ለእናንተ ትቻለሁ።

ለአንዲት ባሏ ለሞተባት እናት የሞተ ግልገል ማለት የልጅ ደብተር፣ የዓመት በዓል ልብስ ነው። እኔ ያ ግልገል ሲሞት አዝኜ በሳምንቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ ግን የምትመለስበት ሌላ ደመወዝ የላትም።